መጽሐፉ መጣ፣ ሥዕሉ ቀረ

ልጅ ሳለሁ እናቴ ከምትተኛበት አልጋ ራስጌ አንድ ሥዕል ተሰቅሎ ነበር። የእሾህ አክሊል የደፋ ፊት፣ ወደ ታች ያዘነበሉ ዐይኖች፣ ከግንባር ቁልቁል የሚንጠባጠብ ደም። ከገበያ በጥቂት ሳንቲም የተገዛ፣ ጠርዙ በጭስ የጠየመ፣ መስታወቱም በአንድ ማዕዘን የተሰነጠቀ የወረቀት ሥዕል ነው። እናቴ ማታ ማታ ከመተኛቷ በፊት ሦስት ጊዜ ታማትብና ጣቶቿን መስታወቱ ላይ አሳርፋ ወደ ከንፈሯ ትወስዳቸው ነበር። ስሙን ስጠይቃት «ኵርዓተ ርእሱ ነው» ትለኛለች። ኵርዓት ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቃት ግን «መከራው ነው፣ ተኛ» ብላ መብራቱን ታጠፋዋለች።

ካደግሁ በኋላ፣ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ስሸጋገር፣ የዚያ የወረቀት ሥዕል የሩቅ አያት ሊባል የሚችለው ጥንታዊው ሥዕል እርሱም በአንድ ሰው አልጋ ራስጌ ተሰቅሎ እንደነበር የሚናገር ታሪክ አገኘሁ። አልጋው የዐፄ ቴዎድሮስ፣ ቦታውም መቅደላ ነበር። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ግን ስለ ሥዕሉ ብቻ ልጽፍ አይደለም። ስለ ሥዕሉ ስለተጻፉ ሁለት ደብዳቤዎች፣ በሁለቱም መካከል አፉን ዘግቶ ስለቆመ አንድ ሰው ልጽፍ ነው።

አስቀድሜ ስለ ስሙ። «ኰርዐ» የግእዝ ግሥ ነው፤ ራስን መታ፣ ኰረኰመ ማለት ነው። በወንጌል እንደተጻፈው የጲላጦስ ጭፍሮች የእሾህ አክሊል ከደፉበት በኋላ በመቃ ራሱን መትተውታል፤ የሥዕሉ ስም የተወሰደው ከዚያ ነው። ሥዕሉ በእንጨት ገበታ ላይ የተሣለ፣ አንድ ሰው በሁለት እጁ አቅፎት ሊሄድ የሚችል ትንሽ ሥዕል ነው። የሥነ ጥበብ ሊቃውንት በ16ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ገደማ በአውሮፓዊ እጅ የተሣለ መሆኑን ይናገራሉ። ፍላንድርሳዊ ነው የሚሉ አሉ፤ የለም ፖርቱጋላዊ ነው የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ከመጣው የፖርቱጋል መልእክተኞች ጓድ ጋር ላዛሮ ደ አንድራዴ የሚባል ሠዓሊ አብሮ መጥቶ ስለነበር፣ ሥዕሉም በዚያው መንገድ ሳይመጣ አልቀረም የሚለው ግምት ከዚህ ይነሣል።

የጎንደር ነገሥታት ስለ ሠዓሊው አገር ብዙ የተጨነቁ አይመስሉም። ሥዕሉ የመንግሥቱ ታላቅ ንዋየ ቅድሳት ሆኖ ነበር። መኳንንት በፊቱ ይምላሉ፤ ንጉሡ ሲዘምትም ከሠራዊቱ ጋር ይዘምታል። እ.ኤ.አ. በ1744 ዐፄ ኢያሱ ዳግማዊ ስናርን ሊወጉ ዘምተው ድል በሆኑ ጊዜ ሥዕሉ በጠላት እጅ ወደቀ። ያን ጊዜ ስናሮች «እኛ ዘንድ የለም» አላሉም። ዋጋ ተነጋገሩ፤ ቤዛው ተከፈለ፤ ሥዕሉም ወደ ጎንደር ተመለሰ፤ ከተማይቱም በታላቅ ደስታ ተቀበለችው። አንባቢዬ ይህችን ነገር በአእምሮው ጥግ እንዲያኖርልኝ እለምናለሁ፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

ከጎንደር ወደ መቅደላ የወሰዱት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም። ንጉሠ ነገሥቱ በመጨረሻዎቹ የመንግሥታቸው ዓመታት የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት አዘርፈዋል፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት፣ መስቀሎችና ጽዋዎች ተግዘው በመቅደላ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን እንዲሆኑ ተከማችተዋል። ጎንደሬው የዚያን ጊዜ ያለቀሰውን ልቅሶ በእንግሊዝ ብቻ አሳብቦ ማለፍ ታሪክን ግማሽ ፊት አድርጎ እንደመሣል ነው። ቴዎድሮስን እወዳቸዋለሁ፤ ብዙ የኔ ዘመን ሰው እንደሚወዳቸው። ነገር ግን የወሰዱትን ወስደዋል።

የመቅደላው ጦርነት ራሱ የተጀመረው በደብዳቤ ነው። በጥቅምት ወር 1855 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1862) ዐፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ የወዳጅነት ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው ለንደን ደረሰ፤ መልስ ግን አልተጻፈለትም። ከአንድ ጽሕፈት ቤት መደርደሪያ ላይ ተኝቶ ቀረ። ንጉሡ ጠበቁ፣ ጠበቁ፤ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1864 መጀመሪያ ላይ ቆንስላ ካሜሮንን አሰሩት። የንግሥቲቱ መልስ የተጻፈው ከዚያ በኋላ ነው፤ መልሱን የያዘው መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳምም ከንጉሡ ፊት የቀረበው በ1866 ነበር። ሦስት ዓመት ከመንፈቅ የተጠጋ መዘግየት! ከዚያ በኋላ የሆነውን ሕፃን ልጅ ሳይቀር ያውቀዋል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ የጄኔራል ናፒየር ጦር አምባውን ሰብሮ ሲገባ ቴዎድሮስ ቀድሞ ከንግሥቲቱ በስጦታ በመጣላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ሠውተው አገኛቸው።

ወታደሮቹ ተከትሎ ስለገባ አንድ ሰው ልናገር። ስሙ ሪቻርድ ሪቪንግተን ሆልምስ ይባላል። የብሪቲሽ ሙዚየም የብራና ክፍል ሠራተኛ ነበር፤ ከጦሩ ጋር የዘመተውም ለሙዚየሙ መጻሕፍትና ቅርሶች እንዲያሰባስብ ተልኮ ነው። ጠመንጃ የያዘው ወታደር ለምን እንደመጣ ይታወቃል። ከጦር ሜዳ በፊት የግዢ ገንዘብ ተቆርጦለት የሚመጣ የመጽሐፍ ሰው ግን እኔን ከወታደሩ ይልቅ ያስደነግጠኛል፤ ዝርፊያው ገና ሳይጀመር ዝርዝሩ ተዘጋጅቶለታልና። የመቅደላ ምርኮ ተሰብስቦ ሲጫን ዐሥራ አምስት ዝሆኖችና ወደ ሁለት መቶ የሚጠጉ በቅሎዎች እንዳስፈለጉት ይነገራል። በደላንታ ሜዳ ላይ ለሁለት ቀን ጨረታ ተደርጎ ገንዘቡ ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። ሆልምስ ለሙዚየሙ ወደ 350 የሚደርሱ ብራናዎችን ያዘ። ዛሬ ለንደን ውስጥ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የሚታዩት የወርቅ አክሊልና የወርቅ ጽዋም በዚያው ሰው እጅ ያለፉ ናቸው።

ነገር ግን ሆልምስ ለሙዚየሙ ሳይሆን ለራሱ ያስቀራት አንዲት ነገር ነበረች። ኵርዓተ ርእሱ።

ሌላም ነገር አደረገ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ከአስከሬናቸው አጠገብ ተቀምጦ ፊታቸውን በወረቀት ላይ ነደፈ። ያ ንድፍ ዛሬም በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። የተዘጉ ዐይኖች፣ ወደ ኋላ የተጣለ ራስ። እኛ በየሸሚዙና በየመኪናው መስታወት ላይ የምናየው ሹሩባውን ያወረደ፣ ዐይኑ የሚያንጸባርቅ ቴዎድሮስ ከሠዓሊዎቻችን ልብ የወጣ ነው፤ በፊታቸው ተቀምጦ የነደፈው ሰው ግን የሞቱትን ነው የነደፋቸው። እንግዲህ አንድ ሰው በአንድ አምባ ላይ ሁለት ፊቶችን ይዞ ወረደ ማለት ነው፤ የንጉሡን ፊት በወረቀት፣ ንጉሡ ይሰግዱለት የነበረውን ፊት በእንጨት። የመጀመሪያውን በእጁ ሠራው። ሁለተኛውን በእጁ ወሰደው።

ስለዚህ ነገር ግጥም ልጽፍ ሞክሬ ነበር። ሁለቱ ፊቶች በአንድ ሻንጣ ውስጥ በመንገድ ላይ ሲነጋገሩ። ቤቱ እየመታ ሲሄድ እውነቱ እየሸሸኝ ሲመጣ ጊዜ ቀድጄ ጣልሁት። አንዳንድ ነገር ሐተታ እንጂ ዜማ አይፈልግም።

አሁን ወደ ደብዳቤዎቹ።

ደጃዝማች ካሣ ምርጫ የናፒየር ጦር በትግራይ ምድር ሲያልፍ መንገድ የከፈቱለት፣ ስንቅና መጓጓዣ እንዲያገኝ የረዱት ሰው ናቸው። ጦሩ ሲመለስም መድፎችና ጠመንጃዎች በስጦታ ትቶላቸው ሄደ። በዚያ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1871 ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ዐድዋ አጠገብ ድል አደረጉ፤ በጥር ወር 1864 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1872) አክሱም ላይ ቅብዐ መንግሥት ተቀብተው ዐፄ ዮሐንስ ተባሉ። ዘውዱን ከደፉ ገና ሰባት ወር ሲሆናቸው፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 10 ቀን 1872 በተጻፈ ደብዳቤ፣ ለንግሥት ቪክቶሪያና ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ለሎርድ ግራንቪል ሁለት ነገር ጠየቁ። አንድ ሥዕልና አንድ መጽሐፍ።

የደብዳቤውን ሐሳብ በራሴ ቃል ላስቀምጠው። ኵርዓተ ርእሱ የሚባል የጌታችን የመድኃኒታችን ሥዕል ነበረ፤ ቴዎድሮስ ከጎንደር ወደ መቅደላ ወሰደው፤ እንግሊዞች ከብዙ መጻሕፍት ጋር መቅደላ አገኙት፤ አሁን እንግሊዝ አገር ነው ያለው፤ ዙሪያው ወርቅ ነው፣ መካከሉ በቀለም የተሣለ ነው። ክብረ ነገሥት የሚባል መጽሐፍም አለ፤ የኢትዮጵያ ሕግ፣ የሹማምንቱ፣ የአድባራቱና የአውራጃዎቹ ስም በውስጡ ተጽፏል፤ ማን ዘንድ እንዳለ ተፈልጎ ይላክልኝ፤ ያለ እርሱ በአገሬ ሕዝቤ ለትእዛዜ አይገዛምና።

ይህን ደብዳቤ ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት ስለ ክብረ ነገሥት ነው። አንድ ንጉሥ ያለ መጽሐፍ መግዛት አልችልም ማለቱ በእርግጥም የሚያስደንቅ ነገር ነው። እኔን ግን የሚያቆመኝ የደብዳቤው ቅደም ተከተል ነው። ሥዕሉ ቀድሞ ነው የተጠየቀው። መጽሐፉ ለምን እንደሚያስፈልግ ምክንያት ተሰጥቶታል፤ የመንግሥት ሥራ ነው። ለሥዕሉ ግን ምክንያት አልተሰጠም። ንጉሡ መልኩን ነው የተናገሩት። ዙሪያው እንዲህ ነው፣ መካከሉ እንዲህ ነው። ልጁ የጠፋበት ሰው መንገድ ላይ የሚያገኘውን ሁሉ «እንዲህ ያለ ቀሚስ የለበሰች፣ እንዲህ ያለ ክር ያሰረች» እያለ እንደሚጠይቀው። ልጅህን ለምን ትፈልጋታለህ ብሎ የሚመልስ የለም ብሎ ስለሚያምን ነው እንዲህ የሚናገረው።

ይህ ደብዳቤ እንደ ቴዎድሮስ ደብዳቤ መደርደሪያ ላይ አልተኛም፤ ያንን እመሰክራለሁ። ከመቅደላ በኋላ ለንደን የአበሻ ንጉሥ ደብዳቤን በአክብሮት መመለስ ተምራ ነበር። የብሪቲሽ ሙዚየም ሹማምንት ተጠየቁ። ከመቅደላ የመጡ ሁለት የክብረ ነገሥት ቅጂዎች ነበሯቸው፤ ሁለት ካሉን አንዱ ትርፍ ነው አሉና አንዱን ለመመለስ ተስማሙ። በመጽሐፉም ላይ በሙዚየሙ ባለ አደራዎች ትእዛዝ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 14 ቀን 1872 ለኢትዮጵያ ንጉሥ የተመለሰ መሆኑን የሚገልጽ ማስታወሻ በዋናው የመጻሕፍት ኃላፊ ፊርማ ተጻፈበት። መጽሐፉ አገሩ ገባ። በኋላም አዲስ አበባ በራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ተቀመጠ።

ስለ ሥዕሉስ? በዚያው ወር የተጻፈው የንግሥቲቱ መልስ አጭር ነበር። ሥዕሉን ምንም ዱካውን ልናገኘው አልቻልንም፤ ወደ እንግሊዝ አገር የመጣም አይመስለንም የሚል።

እዚህ ላይ ትንሽ ስለ ሙያዬ ልናገር ይፈቀድልኝ። እኔ ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ የምቆጥር የባንክ ጸሐፊ ነኝ። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ አንዲት ብር ብትጎድል ሁላችንም ቁጭ እንላለን። በእኛ ቤት «አልተገኘም» እና «የለም» ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። «የለም» ለማለት የገባበትን መዝገብ አገላብጠህ፣ የያዘውን ሰው ሁሉ ጠይቀህ፣ መሳቢያ ሁሉ ከፍተህ ነው። «አልተገኘም» ግን ከወንበርህ ሳትነሣም ልትለው ትችላለህ። አንድ ጎዶሎ በተፈለገ ጊዜ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠየቀው የመጨረሻው ተረካቢ ነው። የመቅደላን ዕቃ ለሙዚየም እንዲያሰባስብ የተላከው ሰው ማን ነበር? ሆልምስ። በዚያ በታኅሣሥ ወር ሆልምስ ወዴት ነበር?

በዊንድዘር ቤተ መንግሥት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1870 የንግሥት ቪክቶሪያ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኖ ተሾሟል። ከመቅደላ ብራናዎች መካከል እጅግ ያማሩ ስድስት መጻሕፍት ለንግሥቲቱ ተመርጠው በዚያው ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል፤ እነዚያንም የሚጠብቀው እርሱ ነው። ስለዚህ ንግሥቲቱ «ወደ አገራችን የመጣም አይመስለንም» ብለው ሲጽፉ፣ ሥዕሉ የነበረው በራሳቸው መጻሕፍት ጠባቂ እጅ ነበር።

ንግሥቲቱ ዋሹ አልልም። የማያውቁትን ነው የጻፉት ብዬ አምናለሁ፤ እንዲህ ዓይነቱን ደብዳቤ ጸሐፊዎች ያረቁታል፣ ንጉሥ ይፈርምበታል። ሆልምስ ግን ሙዚየሙ የፈለገውን መፈለግ በምን ቃል ቢጠራ ያምር ይሆን? ወዳጆቹ፣ አለቆቹ የነበሩ ሰዎች ክብረ ነገሥትን ከመደርደሪያ እያወረዱ፣ ማስታወሻ እየጻፉበት፣ እያሸጉ ወደ አበሻ ንጉሥ ሲልኩ እርሱ ዝም አለ። ዝምታው ሠላሳ ሦስት ዓመት ቆየ።

ስናርን አስታውሱ ብዬ ነበር። ጠላት ነው፣ በሃይማኖትም የተለየ ነው፣ ግን የማረከውን «ማርኬአለሁ» አለ፤ ቤዛም ተቀበለ። ይህን የመሰለ ንግግር የሚቻለው ያዡ መያዙን ሲያምን ነው። ለዐፄ ዮሐንስ ግን ዋጋ ስንት ነው ብሎ የመጠየቅ ዕድል እንኳ አልተሰጣቸውም።

ከሥራ ባልደረቦቼ አንዱ፣ ነገር መርማሪ ነው፣ በሻይ ሰዓት ይህን ታሪክ ስነግረው እንዲህ ሲል ሞገተኝ፤ «ሥዕሉ የፈረንጅ ሥዕል ነው። ከፈረንጅ አገር መጣ፣ ወደ ፈረንጅ አገር ተመለሰ። ደግሞስ ቴዎድሮስ ከጎንደር ሲነጥቁ ዝም ብለህ እንግሊዝ ሲነጥቅ ለምን ትጮኻለህ?» ሁለተኛው ጥያቄው እውነት ስላለበት ከላይ መልሼዋለሁ። ለመጀመሪያው ግን ያን ቀን የረባ መልስ አልሰጠሁትም፤ ሰልፉ ረዝሞ ወደ መስኮቴ ተጠራሁ። ኋላ ሳስበው የሥዕሉ እንጨትና ቀለም የሊዝበን ወይም የብሩዥ ሊሆን ይችላል። ሦስት መቶ ዓመት የተጠጋ ዕጣን የታጠነው፣ የተማለበት፣ ከስናር በቤዛ የተመለሰው ግን ሌላ ቦታ አይደለም። ከእርሱ እየቀዱ የኛ ሠዓሊዎች የሣሏቸው ኵርዓተ ርእሶች በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳና በየመጻሕፍቱ ገጽ ላይ ሞልተዋል፤ የባዕድ ሠዓሊውን ዐይን ወስደው የራሳቸውን ዐይን ሰጥተውታል። እናቴ አልጋ ራስጌ የነበረው ፊት ሊዝበንን አይመስልም።

ሥዕሉ እስከ እ.ኤ.አ. 1905 ድረስ ለዓለም አልታየም። በዚያ ዓመት ሆልምስ ራሱ በርሊንግተን በሚባል የታወቀ የለንደን የሥነ ጥበብ መጽሔት ላይ ፎቶግራፉን አወጣው፤ ከቴዎድሮስ ዘንድ የመጣ መሆኑንም አልደበቀም። ጠያቂው ግን መስማት አይችሉም ነበር። ዐፄ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1889 መተማ ላይ በጥይት ቆስለው ዐርፈዋል፤ አስከሬናቸው በድርቡሾች እጅ ወድቆ ራሳቸው ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወስዷል። የጠየቁት ሥዕል ስም «የራሱ መመታት» ማለት መሆኑን ሳስብ ብዕሬ ከዚህ ወዲያ አይሄድልኝም፤ ነገሩን በዚሁ ልለፈው።

ቀሪው የሻጭና የገዢ ታሪክ ነው። ሆልምስ በ1911 ሞተ። ሥዕሉ በ1917 በክሪስቲስ ጨረታ ተሸጠ። በ1950 እንደገና በዚያው ጨረታ ቤት ወጣና ሉዊስ ሬይስ ሳንቶስ የሚባል ፖርቱጋላዊ የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቅ ገዛው። ወደ ፖርቱጋልም ተወሰደ፤ ምናልባትም ከአራት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ወደ ሠዓሊው አገር መግባቱ ነበር። በ1998 አንድ የለንደን የሥነ ጥበብ ጋዜጣ ካለበት ተከታትሎ ደርሶ በቀለም ፎቶግራፍ አሳየን። በዓመቱ አዲስ አበባ ላይ የመቅደላ ቅርሶች እንዲመለሱ የሚሟገት ማኅበር ተቋቋመ፤ ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ስለዚህ ሥዕል ሳይሰለቹ ጽፈዋል። ሥዕሉ ግን አሁንም በፖርቱጋል፣ በግል ባለቤትነት ሥር ነው።

ሌላው ሌላው ቅርስ በጥቂት በጥቂቱ መጥቷል። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ለንደንን ከጎበኙ በኋላ ከቴዎድሮስ ዘውዶች አንዱ ለንግሥት ዘውዲቱ ተመለሰ፤ የተመለሰው በወርቅ የተቀባው የብር ዘውድ ነው፣ ወርቁ ቀርቷል። በ1965 ንግሥት ኤልሳቤጥ ኢትዮጵያን ሲጎበኙ የቴዎድሮስን ቆብና ማኅተም አመጡ። ማኅተሙ ሲመለስ ለማተም የሚጠብቅ ደብዳቤ አልነበረም እንጂ ዕቃውስ ዕቃ ነበር። በመጋቢት 2019 ደግሞ ከንጉሡ ራስ ላይ ተቆርጦ የተወሰደው ጸጉር ከለንደን ተመለሰ። ጸጉሩን ለሙዚየሙ በ1959 የሰጠው የአንድ ሠዓሊ ቤተሰብ ነው፤ ሠዓሊው የሞቱትን ንጉሥ ሥሎ ነበር። መቅደላ ላይ ስንት ሠዓሊ ነበረ ብዬ ተገረምሁ።

የልዑል ዓለማየሁን ነገር ዛሬ አላነሣም፤ ለብቻው የሚጻፍ ነው። በ2007 ፕሬዝዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ዐፅሙ እንዲመለስ ለንግሥት ኤልሳቤጥ ደብዳቤ እንደጻፉ፣ በ2023ም ቤተ መንግሥቱ የሌሎች ሙታን ዕረፍት ሳይነካ ማውጣት አይቻልም ማለቱን ብቻ ልጥቀስ። የእኛና የዊንድዘር ደብዳቤ መጻጻፍ ይህን ያህል ረጅም ነው።

ባለፈው የፋሲካ በዓል እናቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። ቤት ቀይራለች፤ ሥዕሉ ግን አብሯት መጥቷል፤ መስታወቱም እንደተሰነጠቀ ነው። ከምሳ በኋላ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ይህንኑ ታሪክ ነገርኋት። ቴዎድሮስን፣ ዮሐንስን፣ የንግሥቲቱን መልስ፣ ሆልምስን። ዝም ብላ ሰማችኝ። ስለ ጦርነቱም ስለ ጨረታውም አንድ ነገር አልጠየቀችኝም። አሁን የት እንዳለ ስነግራት ግን የቆላችውን ቡና ማራገቡን አቆመች።

«ከሰው ቤት ነው ያለው?» አለችኝ።

«አዎ እማዬ፣ ከሰው ቤት።»

«ታዲያ ማን ይሳለመዋል?»